ኦቲዝም ያለበት የ20 ዓመት ልጄን ጥርስ የት ላሳክም?

ሰላም እህት ወንድሞቼ፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 20 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፤ ብዙ አይናገርም። ሁለት መንጋጋ ጥርሶቹ ተበልተዋል። እዚህ ጋ አመመኝ ብሎ አይነግረኝም፤ እኔ ያወቅኩት በአንድ በኩል ብቻ ሲያኝክና ሌሊት ጉንጩን በጡጫ ሲመታ አይቼ ነው።

ክሊኒክ ወሰድኩት። የማሽኑን ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ከወንበሩ ተነሳ፣ አፉንም አልከፈተላቸውም። በሙሉ ማደንዘዣ ካልሆነ አይሆንም አሉኝ፤ የጠየቁኝን ገንዘብ ደግሞ ከኪሴ አልችለውም።

ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና ለአካል ጉዳተኞች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) አለው። 21 ዓመት እስኪሞላ የጥርስ ሕክምና በየትኛውም ስቴት የግድ ይሸፈናል፣ ከዚያ በኋላ እንደየስቴቱ ነው። ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ለአዋቂም ትሸፍናለች፣ ይሄ ትንሽ አረጋግቶኛል። ግን ካርዱን የሚቀበል ሐኪም ካልተገኘ ምን ይጠቅማል?

እባካችሁ፣ በዲሲ አካባቢ ሜዲኬይድ ተቀብሎ ሆስፒታል ውስጥ አስተኝቶ የሚያክም የጥርስ ሐኪም የምታውቁ ጠቁሙኝ። ማደንዘዣው እንዲፈቀድላችሁ ምን ዓይነት ደብዳቤ አስጻፋችሁ? ልጃችሁን ከወንበሩ ጋር ቀስ በቀስ ያለማመዳችሁ ካላችሁስ፣ ከምን ጀመራችሁ? ዛሬም ሌሊቱን አልተኛም።