«ፊኛዬን ብርድ መታኝ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ነገ ጠዋት እናቴን ሐኪም ጋ ይዣት እሄዳለሁ፣ አስተርጓሚዋም እኔው ነኝ። ምን ሆንሽ ስላት «ፊኛዬን ብርድ መቶኛል፣ ሌሊት ሌሊት ያሸናኛል፣ መቋጠር አቃተኝ» አለችኝ። እኔ ፊኛ የማውቀው የልደቱን ነው። ብርዱስ ምንድን ነው? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ እናትሽ ያለችው አንድም ስህተት የለበትም። ከፊኛ ልጀምር። ስሙን የተዋሰው የልደቱ ፊኛ ነው፣ ባለቤቱ የሆድ ዕቃው ነው።

ልጆች ሳለን ለፋሲካ በግ ሲታረድ ቆመን የምንጠብቀው ፊኛዋን ነበር። ስትወጣ ጭብጥ የማትሞላ፣ የተጨማደደች ነገር ናት። ውስጧ ያለውን አፍስሰን አመድ ላይ በእግራችን እናሻታለን፣ ለስለስ ስትል አፏ ላይ ሸንበቆ ሰክተን እንነፋለን፣ እየተነፋች እየተነፋች የሕፃን ጭንቅላት ታክላለች፣ ከዚያ አፏን በክር ቋጥረን ኳስ እናደርጋታለን። መወጠርና መቋጠር የሚባሉትን ቃላት በእጄ የያዝኳቸው ያኔ ነው።

የሰውም እንደዚያው ነው። ባዶ ሲሆን የተጨማደደ የጡንቻ ከረጢት ነው። ሁለቱ ኩላሊቶች ደሙን እያጣሩ ሽንቱን በሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ይልኩለታል፣ እሱም ቀስ እያለ ይለጠጣል። የአዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ወደ 200 ሲጠጋ መለጠጡን ለአንጎል ይናገራል። ያኔ «ሽንቴ መጣ» እንላለን። ሲብስ «ወጠረኝ»፣ ከዚያ «አጣደፈኝ»፣ ካልተደረሰለት «አመለጠኝ»። ሐኪሙም በራሱ ቋንቋ እነዚህን ለይቶ ነው የሚጠይቅሽ። ስለዚህ እናትሽ የትኛውን እንደምትል በደንብ ስሚያት፣ አጣደፈኝና አመለጠኝ አንድ አይደሉም።

መቋጠር የከረጢት አፍ ማሰር ነው። ፊኛው መውጫ ላይ ቀለበት የመሰሉ ሁለት ጡንቻዎች አሉ። የውስጠኛው በራሱ ጊዜ ይሠራል፣ የውጭኛውን የምናዘው እኛ ነን። ልጅ ዳይፐር የሚተወው ይሄንን የውጭኛውን ማዘዝ ሲለምድ ነው። «መቋጠር አቃተኝ» ስትል እንግዲህ ሽንቴ በዛ ማለቷ አይደለም፣ ሳልፈቅድለት ይወጣል ማለቷ ነው።

«ያሸናኛል» የሚለው ቃል ደግሞ በጣም የምወደው ነው። ቢራ ያሸናል ስንል አድራጊው ቢራው ነው። «ሌሊት ሌሊት ያሸናኛል» ስንል ግን አድራጊው ማነው? አልተጠራም። ያስነጥሰኛል፣ ያስለኛል፣ ያዛጋኛል እንደምንለው ነው። ሰውነት ሳያስፈቅደን የሚያደርገውን ብዙ ነገር አማርኛ በዚህ መልክ ነው የሚናገረው። ፊኛውም እውነት ራሱ ነው የሚጨመቀው፣ የኛ ድርሻ በሩን መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው።

ብርዱን ግን ቃል በቃል እንዳትተረጉሚው አደራ። ሐኪሙ ብርድ ላይ አደረች እንዴ ብሎ ነው የሚያስበው። «ፊኛዬን ብርድ መታኝ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሲሸኑ ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ሲቀመጡ ግን ጠብታ ነው የሚወርደው ማለታቸው ነው። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ወደ ላይ የወጣ ባክቴሪያ ነው። ሴቶችን የሚያጠቃው ከወንዶች በላይ ነው፣ ምክንያቱም ከፊኛ ወደ ውጭ የሚወስደው ቧንቧ በሴት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በወንድ ግን ወደ 20 ነው። ዛሬ ማታ «ያቃጥልሻል ወይ?» ብለሽ ጠይቂያትና መልሷን ያዢ። ትኩሳት ካላትና ጎኗን ከወጋት ደግሞ ነገን አትጠብቂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱትን ሁለቱንም፣ ከፊኛ ወደ ውጭ የሚያወጣውንም «የሽንት ቧንቧ» ነው የምንላቸው። ሐኪሙ የጠራው የትኛውን እንደሆነ ሳትለይ አትተርጉሚ። «የላይኛው»፣ «የታችኛው» ካልሽ ለእናትሽ ይገባታል።

አስተያየት፦
ስለ ኩላሊት ከተነሳ እኔን የሚከነክነኝ «የኩላሊት እጥበት» የሚባለው ነው። ኩላሊቱን አውጥተው ያጥቡታል እንዴ? አጎቴ ሲጀምር ዘመድ ሁሉ «ሁለት ሦስቴ ከታጠበ ይጠራለታል» ይል ነበር።

መልስ፦
ወንድሜ፣ ይሄ ቃል ሰው ጎድቷል ባይ ነኝ። የሚታጠበው ደሙ ነው። ደሙ በቱቦ ወጥቶ ማሽኑ ውስጥ ይጣራና ይመለሳል፣ ኩላሊቱ ግን እዚያው ሥራ እንደፈታ ተቀምጧል። ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱም አራት ሰዓት ያህል የሚደረገው ለዚህ ነው። ጤነኛ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል አጣርተው አብዛኛውን ወደ ደም ይመልሱታል፣ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ይህን ሥራ በሦስት እጥበት ጨርሶ የሚተካ የለም። «የደም እጥበት» ብንለው ኖሮ ዘመዶችህ ያን ያህል ተስፋ አድርገው ባላዘኑ ነበር። አንዳንድ ሐኪሞች እንደዚያ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ደስ ብሎኛል።

«ኩላሊቴን አመመኝ»ም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወገብ በታመመ ቁጥር ኩላሊት ማለት ለምዶብናል። ኩላሊት የሚገኘው ከወገብ ከፍ ብሎ፣ የታችኞቹ ጎድን አጥንቶች ጋ ነው። መጽሐፉ እግዚአብሔርን «ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር» ሲለው ደግሞ የሰውን ስውር ሐሳብ ማለቱ ነው፣ ይህኛው ከወገብ ሕመሙ ጋር አይገናኝም።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠየቅኳት። ያቃጥላታል፣ ትኩሳት የላትም፣ ሳታስነጥስም ያመልጣታል። ሁሉንም ጻፍኩት። የበጓን ፊኛ ሳነብላት ከአልጋዋ ቀና አለችና «እኛ በቀሰም ነበር የምንነፋው፣ ሸንበቆ አፏን ይቀደዋል» አለች።