የጉብኝት አውቶቡስ ባይበሪ ይግባ ወይስ ይከልከል?

መንገደኛ፦ ባለፈው ሳምንት ከለንደን የአንድ ቀን ጉብኝት ይዤ ኮትስዎልድስ የሚባለው የእንግሊዝ ገጠር ሄጄ ነበር። «የእንግሊዝን ኑሮ እዩ» ብለው ባይበሪ የምትባል መንደር ላይ 45 ደቂቃ ሰጡን። በብሪታንያ ፓስፖርት ላይ ሥዕላቸው የወጣው የድንጋይ ጎጆዎች፣ አርሊንግተን ሮው፣ እዚያ ናቸው። በፈረንጆቹ 1380 የሱፍ መጋዘን ሆነው ተሠሩ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሸማኔ ቤት ሆኑ። ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ስልኬን ስደግን አንዲት ሴትዮ መስኮቱ ጋ ቆመው ዕቃ ያጥባሉ። ተያየን። መጋረጃውን ሳብ አደረጉት። መንደሩ 600 ያህል ሰው ነው ያለው፤ አውቶቡስ በዛብን እያሉ ሲያማርሩ ቆይተዋል። እኔ አሁን ይከልከል ከሚሉት ጋር ነኝ። እናንተስ?

የበርሚንግሃሙ ሹፌር፦ ይከልከል ማለት ይቀላል። ሻይ ቤት የከፈተው ሰውዬ በምን ይደር? እኔም እንግዳ አመላልሳለሁ። ጥፋቱ የ45 ደቂቃው ነው። ሽንት ቤት ትሰለፋለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ፣ ትመለሳለህ። ሰባራ ሳንቲም አታወጣም።

የሌስተሯ፦ ቆይ፣ ያ መንደር የእንግሊዝ ኑሮ ነው ያለው ማነው? ኑሮውን ማየት የፈለገ የከተማ አውቶቡስ ይሳፈር። ከ2025 ወዲህ አብዛኛው የአንድ ጉዞ ዋጋ ከ3 ፓውንድ አይበልጥም። ሰው ሲወርድ ሹፌሩን ያመሰግናል። ለንደን ላይ በመሃል በር ስለሚወረድ ይህ ብዙም የለም። ከዚያ ያገለገለ ልብስና መጽሐፍ የሚሸጡት የበጎ አድራጎት ሱቆች ግቡ። እሁድ ደግሞ ፐብ፣ ማለት መጠጥ ቤት፣ የተጠበሰ ሥጋ ዮርክሻየር ፑዲንግ ከሚሉት ከእንቁላልና ከዱቄት ከሚጋገረው ጋር። ብቻ ቁጭ ብላችሁ አስተናጋጅ እንዳትጠብቁ። እኔ መጀመሪያ ቀን ግማሽ ሰዓት ተገትሬያለሁ። ለካስ ባንኮኒው ጋ ሄዶ ማዘዝ ኖሯል!

አምስት ቀን ብቻ፦ እህቴ፣ አንቺ እዚያው ስለምትኖሪ ነው። ለቪዛ ደጅ ጠንቶ፣ የባንክ ወረቀት ሰብስቦ ለአምስት ቀን የመጣን ሰው ያገለገለ ልብስ ልታሳዪው ነው? ሰውዬው ያለመው ያንን ጎጆ ነው። ማንቸስተር መሃል ከተማ ያሉ ብዙ ሆቴሎች ከ2023 ጀምሮ ለአንድ ክፍል አዳር 1 ፓውንድ ያስከፍላሉ። ባይበሪም ከጎብኚው ይቀበልና ለመንገዱ ያውለው።

መንገደኛ፦ ሴትዮዋ እኮ ገንዘብ አልጠየቁም። ዕቃ ማጠብ ነው የፈለጉት።

የላስታው፦ እኔ ያደግሁት ላሊበላ ነው። በገና ቅዳሴ መሃል ካሜራ ሲደቀንብን እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ትሸፍን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ እንግዳ ጠፋና አስጎብኚው ወንድሜ ሥራ ፈታ። ያኔ ያቺው እናቴ «ምነው ፈረንጆቹ ቀሩ» ትል ጀመር። ስለዚህ አትከልክሉ። አውቶቡሱ ከመንደሩ ውጭ ይቁም፣ ሰው በእግሩ ይግባ።

የበርሚንግሃሙ ሹፌር፦ በዚያ ዝናብ? ሰባ ዓመት ያለፋቸው እንግዶች አሉኝ።

የሌስተሯ፦ ዝናቡም ኑሮው ነው። ጃንጥላ አስይዛቸው።

መንገደኛ፦ ፎቶውን አሁን አየሁት። ከመጋረጃው ሥር የሴትዮዋ እጅ ይታያል። የትም አልለጥፈውም።

የበርሚንግሃሙ ሹፌር፦ እኔ ሐሙስ አርባ ሰው ይዤ እዚያው ነኝ። ሰዓቱን የሚቆርጠው አለቃዬ ነው። ቢያንስ ወደ መስኮት እንዳይደግኑ እነግራቸዋለሁ።