ሚስት ያልፈረመችበት የቤት መያዣ፦ 6 ወሩ ከመቼ ይቆጠራል?

ድሬዳዋ ላይ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቡድን አስተባብራለሁ። ቤታቸው ሐራጅ ሊወጣባቸው የደረሱ ሰዎች አብዛኞቹ የሚመጡት ባንኩ ከሽያጭ በፊት የሚሰጠው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሊያልቅ ሲል ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መሸጥ ስለሚችል፣ እግድ ማሳደድ ብዙውን ጊዜ ቀን መግደል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የብድር ማራዘሚያ ማመልከቻ እናስገባለን፣ ጎን ለጎን የመያዣ ውሉን ፊርማ እናያለን።

አሁን የተቸገርነው እዚያው ፊርማ ላይ ነው። ቤቱ ያለው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው፤ ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆንም የተሠራው በጋብቻ ውስጥ ነው። ባል "ያላገባ" የሚል ማስረጃ አቅርቦ ብቻውን ፈርሟል (ይህ ወረቀት ስንቱን ቤት አስበላ!)። እዚህ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ 213/1992 ስለሆነ፣ ሚስት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የምትችለው ካወቀች በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ውሉ 20 ወር ሆኖታል። ብድር መኖሩን ከዓመት በፊት ሰምታለች፤ ቤቱ መያዣ መሆኑን ያወቀችው ግን ማስጠንቀቂያው ሲደርስ ነው።

6 ወሩን ከየትኛው እንቁጠር? ባንኩ "ማስረጃውን በቅን ልቦና አምኜ ነው" ቢል በምን ትመልሳላችሁ? ተመሳሳይ መዝገብ የያዛችሁ ጠበቆች፣ ባልንና ባንኩን በአንድ ክስ አጣምራችሁ ነው ያቀረባችሁት?