መኪናዬ ወደ ቀኝ የሚስበው በጎማ ነፋስ ምክንያት ይሆን?

ጥያቄ፦
ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ መኪናዬ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይቀር ወደ ቀኝ መሳብ ጀምሯል፤ መኪና ለማቆም መሪውን ስጠመዝዝም ከቀድሞው ይልቅ ይከብደኛል። አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ከማሠራቴ በፊት፣ የጎማ ነፋስ መጉደል ብቻውን ይህን ሊያመጣ ይችል እንደሆነ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጎማው ላይ 44 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ተጽፏል፤ እስከዚያ ድረስ ልሙላው?

መልስ 1፦
በሚገባ ይችላል። የፊት ቀኙ ጎማ ከግራው ያነሰ ነፋስ ከያዘ፣ ጎኑ እየተጣጠፈ ስለሚሽከረከር መንገዱ ይከብደዋል፤ መኪናውም ወደዚያው ወገን ይሳባል። መሪ ሲዞር ቀድሞ የሚዞረው ቸርኬው ነው፤ መሬት የረገጠው የጎማ ክፍል ቸርኬውን የሚከተለው በጎማው ጎን በኩል በመሆኑ፣ ጎኑ ከላላ መኪናው ለመሪው የሚታዘዘው ዘግይቶ ነው። መኪና ሲያቆሙ የሚከብድዎት ደግሞ ነፋስ የጎደለው ጎማ መሬት ላይ ሰፋ ብሎ ስለሚያርፍ ነው። 44 ግን የጎማው ጣሪያ እንጂ የመኪናዎ ልክ አይደለም፤ ልኩ አብዛኛውን ጊዜ የሹፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ምልክት ላይ ተጽፏል፣ የፊቱና የኋላውም ሊለያይ ይችላል።

መልስ 2፦
እኔ መሪው ይቀለኛል ብዬ ከልኩ 8 ፒኤስአይ አስበልጬ ስነዳ ከርሜ ነበር። በእርግጥ ቀለለ፤ ነገር ግን መኪናው በየጉድጓዱ ይነጥር ጀመር፣ የጎማው ጥርስም መሐሉ ብቻ ተበልቶ ዳርና ዳሩ አዲስ መስሎ ቀረ። የኋላውንም አይርሱ፤ የኋላ ጎማ ነፋስ ሲጎድለው በፍጥነት በተገባበት ኩርባ ላይ የመኪናው ኋላ ወደ ውጭ ሊንሸራተት ይችላል፣ ይህም ለብዙ ሹፌር ከፊቱ መንሸራተት የከፋ ነው።

መልስ 3፦
መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ቆሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ ይለኩ። ከጋለ ጎማ ላይ ትርፍ የመሰለዎትን ነፋስ ቢያስወጡ ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ሆኖ ያገኙታል። ካስተካከሉ በኋላም ከሳበ የፊት ሁለቱን ጎማዎች ያቀያይሩ (የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ያለበት ጎማ ካልሆነ)፤ ስበቱ ወደ ግራ ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው፣ በቀኝ ከቀረ ግን አላይመንቱንና ፍሬኑን ያስመርምሩ።

ጠያቂው፦
ዛሬ ጠዋት ለካሁ፤ ግራው 32፣ ቀኙ 23 ሆኖ ተገኘ፣ የበሩ ጽሑፍ 33 ይላል። ቫልቮላው ላይ የሳሙና ውኃ ባፈስበት አረፋው ቀስ እያለ ያብጣል። ነገ ጎሚስታ ጋ ወስጄ ቫልቮላውን አስለውጣለሁ፤ አላይመንቱ ይቆይ።