የጋሪ ፈረሱ ያሳዝናል እንጂ አያስፈራም፤ ምን ይሻላል?

የከዚራ ጥላ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ድሬዳዋ ላይ የሚቀረጽ የ12 ደቂቃ አስፈሪ አጭር ፊልም ነው። ባጭሩ፦ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ነጂ የሌለው ጋሪ ይመጣል። ከሥራ አምሽታ ባጃጅ ያጣች ልጅ ትሳፈርበታለች። መጨረሻ ላይ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ፈረሱ ይነሣባታል፤ ይነክሳል፣ ይረግጣል።

የሙከራ ቀረጻውን ያዩት ሁሉ ግን «ውይ፣ ሲያሳዝን! ከስቷል» ነው ያሉት። ዐይኑ በኮምፒውተር ቀይ ሲደረግ ደግሞ ጭራሽ ሳቁ። ለመሆኑ ፈረስን የሚያስፈራ የሚያደርገው ምንድን ነው? ከእውነተኛ ፈረስ ጋር ሰውም እንስሳውም ሳይጎዳ ምን ምን መቅረጽ ይቻላል? ድምፁስ እንዴት ይሠራ? ለኮምፒውተር ሥራ የሚወጣ ገንዘብ የለም።

ዱካክ

አቦ፣ መልሱ እኮ ተረታችን ውስጥ ነው፦ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። ስክሪፕትህ የተበላሸው ፈረሱን ያዋጋኸው ቦታ ላይ ነው። ጅብ ሲነክስ ተመልካች ለሰውየው ይፈራል፤ ፈረስ ሲነክስ ግን «ምን አድርገውት ይሆን?» ብሎ ለፈረሱ ያዝናል። ፈረስ የሚያስፈራው በማድረሱ ነው። ወዴት ነው የሚወስደኝ? ማን ላከው?

የስኮትላንዶችን ኬልፒ ተመልከት። ውሃ ዳር ለብቻው የቆመ፣ ለማዳ የሚመስል ፈረስ ነው። የወጣበት ሰው እጁ ከቆዳው ጋር ይጣበቃል፣ ፈረሱም ይዞት ውሃ ውስጥ ይገባል። አያሳድድም፣ አይጮህም። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ላይ ያለው ሐመር ፈረስም ራሱ ማንንም አይገድልም፤ ስሙ ሞት የተባለው የተቀመጠበት ነው። ሠዓሊው ሄንሪ ፉስሊ እ.ኤ.አ. በ1781 በሣለው የቅዠት ሥዕል ደግሞ በተኛችው ሴት ደረት ላይ ጭራቅ ተቀምጧል፣ ከመጋረጃው መሐል ዐይኑ የፈጠጠ የፈረስ ጭንቅላት ብቅ ብሏል። ጭንቅላት ብቻ! ያያል፤ ሌላ ምንም አያደርግም። (በነገራችን ላይ በእንግሊዝኛው የቅዠት ስም ውስጥ ያለችው «ሜር» ባዝራ አይደለችም፤ ደረት ላይ ወጥታ የምታፍን የጥንት መንፈስ ናት። የእኛ ዱካክ ማለት ነው።)

ለእኛ ተመልካች ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው ግን ዛር ነው። ዛር የሰፈረበት ሰው የዛሩ «ፈረስ» ነው የሚባለው፤ ጋላቢው አይታይም፣ የሚጋለበው ሰው ነው። ስለዚህ ፍጻሜውን ገልብጠው። ጋሪው ደቻቱ ሲደርስ ይቁም። ልጅቷ ምንም ሳትሆን ትውረድ፤ ፈረሱም ዞር ብሎ አይቷት ይሂድ። በማግስቱ ጠዋት ሻይ ልትጠጣ አፏን ስትከፍት የከንፈሯ ሁለት ዳር በልጓም ብረት ተልጦ ይታይ። እዚያ ላይ ቁረጠው። ማብራሪያ የሚሰጥ ሽማግሌ እንዳታስገባ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የኬልፒው ነገር ደስ ብሎህ ወንዙ ሞልቶ ሲወስዳት ለማሳየት እንዳታስብ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ፊልሙን የሚያየው የዚያው ከተማ ሰው ነው።

ኮርቻና ግላስ

የልጓሙ ሐሳብ ግሩም ነው። እኔ ስለ ፈረሱ ልናገር።

መጀመሪያ ፈረሱን ቀይር። የከሳና ጀርባው የቆሰለ ፈረስ በምንም መብራት አያስፈራም፣ ደግሞም ለሥራ መውጣት የለበትም። ደልደል ያለ፣ ሰው የለመደ ሰንጋ (የተኮላሸ) ፈረስ ፈልግ፤ ድንጉላ (ያልተኮላሸ) ለሌሊት ቀረጻ አይሆንም፣ ባዝራ ከሸተተው ማንም አይመልሰውም። ጉራቻ ፈረስ ጨለማ ውስጥ ይጠፋብሃል፤ የግድ ጥቁር ካልክ ገላውን በውሃ አርሰህ ከኋላ በኩል በመብራት ምታው፣ ጀርባውና ጋማው ብቻ በጠርዝ ያበራል። የድሬ ሙቀት ስለሆነ ውሃው አይጎዳውም።

ቀይ ዐይን አያስፈልግህም። የፈረስ ዐይን ከጀርባው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው በጨለማ ራሱ ያበራል። ደከም ያለች አንዲት መብራት ከሌንሱ ጎን፣ በተቻለ መጠን አስጠግተህ አድርግና ፈረሱን 8 ወይም 10 ሜትር አርቀህ አቁም። መብራቷ ከሌንሱ አንድ ክንድ ከራቀች ነጸብራቁ ወደ ካሜራው አይመለስም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ድንገት ኃይለኛ መብራት አታብራበት፣ ዐይኑ ከብርሃን ወደ ጨለማ ለመልመድ ከሰው ይልቅ ይዘገያል፤ የማያየውን መሬት አይረግጥም፣ ይደነብራል።

አሁን ዋናው አደጋ። የጋሪ ፈረስ በዐይኑ ግራና ቀኝ የሚጋርድ ቆዳ አለው። ዐይኑ እንዲታይ ብለህ ፈረሱ ጋሪው ላይ እንደተጠመደ ቆዳውን እንዳትፈታ! የፈረስ እይታ ዙሪያውን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ያልለመደው ጋሪ ከኋላ ሲከተለው በድንገት ካየ ይበረግጋል፣ በሮጠ ቁጥር ደግሞ ጋሪው «ያባርረዋል»፣ አይቆምም። የዐይንና የፊት ሾቶችን በሙሉ ከጋሪው አስፈትተህ፣ ባለቤቱ ዛቡን ይዞ ለብቻው ቅረጽ።

ባዶ ቦታ ላይ አፍጥጦ እንዲቆም ከፈለግህ (ከሁሉ የሚያስፈራው እሱ ነው) አንድ ሰው 30 ሜትር ርቆ ጨለማ ውስጥ ገብስ ያለበት ቆርቆሮ አንዴ ያንቀጭል። ሁለቱም ጆሮ ወደፊት ይቆማል፣ አንገቱ ይነሣል፣ ይደርቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይሠራል፤ ከዚያ ይለምደዋል። ስለዚህ ሌንስህ ሳይስተካከል ቆርቆሮው እንዳይነካ። ጥርሱን ለማሳየት የባዝራ ሽንት የነካ ጨርቅ አስሽተው፦ ላይኛውን ከንፈሩን ቀልብሶ፣ አንገቱን ዘርግቶ ለጥቂት ሰከንድ ይቆያል። ማሽተቱ ብቻ ነው፤ በካሜራ ግን የሚስቅ ይመስላል።

አረፋ ካስፈለገ የተመታ የእንቁላል ነጭ ከንፈሩ ዳር ቀባ። ሳሙና ክልክል፤ አፍንጫውን ደግሞ ጭራሽ አትንካ። ፈረስ በአፉ መተንፈስ አይችልም፣ በአፍንጫው ብቻ ነው። የጭስ ማሽንም ሆነ ዕጣን ከነፋሱ በታች ይሁን፣ ወደሱ እንዳይመጣ። በስኳር የተሠራ የውሸት ደም ተወው፣ ድሬ ውስጥ የሚሰበስበው ዝንብ ነው፤ ፈረሱም ጭራውን ሲወዘውዝ ያድራል።

ካሜራ የያዘው ሰው ከኋላው ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ቅርብ እንዲመስል 85 ወይም 135 ሚሊ ሜትር (ከሩቅ የሚያቀርብ) ሌንስ ተጠቀም። ውሃ አትርሳ፣ በዚህ ሙቀት በቀን ከ25 እስከ 50 ሊትር ሊጠጣ ይችላል።

ሳቢያን

ከዚራ፣ በዚህ ዘመን፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጋሪ? ባጃጁ ሁሉ የት ሄዶ? ወይ ዘመኑን ወደ ኋላ ውሰደው 😄

ዱካክ

ሳቢያን፣ እንግዳ መሆኑ ነው እኮ ጥቅሙ። አንድ ባጃጅ በአጠገቡ ይለፍና ነጂው ጋሪውን ያላየ ይምሰል፤ ጥያቄህ ያኔ ራሱ ፍርሃት ይሆናል።

ቋ ድፍ

በድምፅ በኩል፦ ማሽካካቱን ተወው። በየፊልሙ ፈረስ በታየ ቁጥር ያሽካካል፣ ተመልካች ለምዶታል። አንዴ ብቻ ከተጠቀምክ ግን ይህን እወቅ፦ ፈረስ ሲያሽካካ ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ያወጣል፣ አንድ ወፍራም አንድ ቀጭን። ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሰው ሁለቱም አንድ ኦክታቭ (የቅጥነታቸውን ግማሽ) ይወርዳሉ፤ ቀጭኑ ያኔ የሰው ጩኸት ወደሚሰማበት ይጠጋል።

ፍርሃቱን የሚሸከመው ኮቴው ነው። ሲራመድ አራቱ እግሮች በየተራ ያርፋሉ፣ በሰከንድ ወደ 3 ወይም 4 ምት። ሲሶምስም ግን ሁለት ሁለት ሆነው በሰያፍ ስለሚያርፉ ሁለት ምት ብቻ ይሰማል። ምስሉ እርምጃ ሆኖ ድምፁ ሶምሶማ ከሆነ ጋሪ ያየ ሰው ሁሉ ይነቃብሃል። ለአስፋልቱ ግማሽ የኮኮናት ቅል በድንጋይ ላይ ምታ። ለደቻቱ ግን «ቋ» የሚል ድምፅ የለም፤ ሰፌድ ላይ አሸዋ ደልድለህ ጨርቅ በተጠቀለለ ቡጢ «ድፍ» አድርገው። ጋሪውም ጎማው የመኪና ጎማ ነውና የእንጨት መንኮራኩር ድምፅ አትጨምር፤ የሰንሰለት መንቀጫቀጭና የቆዳ ሲጥ ሲጥ ማለት ይበቃል።

ከዚያ ከመሐል ጀምሮ በየዙሩ አምስተኛ ኮቴ ጨምር፣ ከሌሎቹ በትንሹ የላላ። ማንም አይቆጥረውም፣ ግን ሁሉም ይጨንቀዋል። የልብ ምት ካሻህም ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው የሚመታው፣ የሰውን ሊያጋምስ ትንሽ ይቀረዋል። ልጅቷ በፈራች ቁጥር የእሷ እየፈጠነ፣ የእሱ በ35 ላይ ዝም ብሎ ይቀጥል።

የከዚራ ጥላ

የልጓሙን ፍጻሜ ወስጄዋለሁ፣ አምስተኛውን ኮቴም። አንድ ብቻ ልጨምር፦ አንድ ትዕይንት ሐረር ላይ ቢሆንስ? ፈረስ መጋላ፣ ስሙ ራሱ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ከግንቡ ውጭ ደግሞ ጅቦቹ። ፈረሱና ጅቡ ሲተያዩ።

ኮርቻና ግላስ

ሲተያዩ አሳይ፤ አብረህ ግን አትቅረጽ። ፈረስ የጅብ ሽታ ከሩቅ ከነፋስ ይወስዳል። ጅብ በሚመገብበት ሰፈር በሌሊት ካቆምከው ዛቡን በጥሶ ይሄዳል፤ ጀጎል ውስጥ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ጋሪ አይዞርም፣ ሰው ግንብና ጋሪ መሐል ይቀረቀራል። ፈረሱን በጊዜ፣ ገና ሲመሽ ቅረጽና አስወጣ። ጅቡን ሌላ ቀን፣ ያለ ፈረስ።

ሁለቱ እንዲገናኙ የሚያደርገው ከፍታ ነው። ቀና ያለ የአገራችን ፈረስ ዐይን ከመሬት ወደ 1.5 ሜትር ይሆናል፣ የጅቡ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር። ጅቡን ስትቀርጽ ካሜራው 1.5 ላይ ሆኖ ወደታች ይይ፤ ፈረሱን ስትቀርጽ 80 ላይ ዝቅ ብሎ ወደላይ። የሁለቱም መብራት ከአንድ አቅጣጫ የመጣ ይምሰል፤ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ በአንዱ ሾት ከካሜራው ግራ ከሆነ በሌላው ከቀኝ። ካለበለዚያ ኤዲቲንግ ላይ ስታቀናጃቸው ሁለት የተለያዩ ሌሊቶች ይመስላሉ።