የቪአር መነጽሩን በኬብል ፕሮጀክተር ላይ ማሳየት አቃተኝ
ሰላም ወገኖች፣ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ ብየዳ አስተምራለሁ። 28 ተማሪ፣ 3 ማሽን፣ የኤሌክትሮድ ዋጋማ አይነሳ። ክረምት ላይ አሜሪካ ያለ የድሮ ተማሪያችን ሁለት ኩዌስት 2 የሚባሉ የቪአር መነጽሮች (ዓይን ላይ ተደርገው እውነተኛ የሚመስል ምስል የሚያሳዩ) የብየዳ መለማመጃ ጭኖባቸው አመጣልን፣ እውነት ለመናገር ሸጋ ነገር ነው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ እንኳን ኤሌክትሮዱን ከብረቱ ምን ያህል እንዳራቀው እዛው ያየዋል።

ግን ሁለቱ ሲለማመዱ 26ቱ ቁጭ ብለው የጓደኞቻቸውን ጭንቅላት ነው የሚያዩት። በፕሮጀክተር እንዲያዩት የመነጽሩን ምስል ወደ ላፕቶፕ ላስተላልፍ (ካስት ላድርግ) ስል በግቢው ዋይፋይ መነጽሩና ላፕቶፑ አይተያዩም፣ በስልኬ ሆትስፖት ሰራ ግን ፓኬጄን በአንድ ክፍለ ጊዜ ጠጥቶ ጨረሰው። ኤአይ ስጠይቅ በዩኤስቢ ኬብል ስክሪን ኮፒ በሚባለው ፕሮግራም አድርገው አለኝ (የብየዳ ፈተና ሳስወጣው ዲሲ ፕላስና ማይነሱን ያገላበጠብኝ እሱው ነው፣ ይሄኛው ግን ልክ ሳይሆን አይቀርም)፣ ፕሮግራሙ ደግሞ መነጽሩ ላይ ዴቨሎፐር ሞድ (ኮምፒውተሩ በኬብል እንዲያዘው የሚፈቅድ ቅንብር) እንዲበራ ይፈልጋል፣ ዴቨሎፐር ሞዱ የሚበራው መነጽሩን ባመጣልን የድሮ ተማሪያችን አካውንት ነው፣ ልጁ ደግሞ ወደ አሜሪካ ተመልሶ ሄዷል። ሪሴት ካደረኩት በሱ አካውንት የተገዛው መለማመጃ ይጠፋል።

እሱ እዛ ሆኖ እኔ እዚህ መነጽሩን ይዤ፣ ሪሴት ሳላደርግ ዴቨሎፐር ሞዱን እንዴት ነው ማብራት የምንችለው?