በመረሬ አፈር ላይ የጓሮ አትክልት፦ በግንቦት ልትከል ወይስ መስከረምን ልጠብቅ?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ለቡ)

ጤና ይስጥልኝ። ከቤታችን ጀርባ 20 ካሬ ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ ስላለን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ላለማበት አስቤያለሁ። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ሲርስ ከእግር ጋር ይጣበቃል፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። የቧንቧ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ በመሆኑ፣ የክረምቱን ዝናብ ለመጠቀም ሁሉንም አሁን በግንቦት መጨረሻ ልትከል ብዬ ነበር። አማቴ ግን የጓሮ አትክልት የሚያምረው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው ብለው መስቀልን እንድጠብቅ ይመክሩኛል። ችግኝ ከመግዛቴ በፊት ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (ከኮተቤ)

የሁለታችሁም ሐሳብ ለየራሱ አትክልት ትክክል ነው፤ የዘረዘሯቸው አምስቱ በአንድ ወር የሚተከሉ አይደሉምና። ጎመንና ቆስጣ ብርድም ዝናብም ስለሚችሉ፣ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ቢተከሉ የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ ከመውረዱ በፊት ሥር ይሰዳሉ። የካሮት ዘር ግን ደቃቅ ከመሆኑም በላይ ለመብቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ በክረምት ቢዘራ ጎርፍ ይጠርገዋል፤ የተረፈውንም መረሬው ሲደርቅ ቅርፊት ሠርቶ ያፍነዋል። ካሮትን በመስከረም፣ ዝናቡ ሲቀንስ፣ ችግኝ ሳያዘዋውሩ በቀጥታ መደቡ ላይ ይዝሩት። ቲማቲምንም ለመስከረም ቢያቆዩት ይሻላል፤ በክረምት እርጥበትና ቅዝቃዜ ሲገናኙ ቅጠሉን አጥቁሮ ተክሉን የሚያበሰብሰው በሽታ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል።

ከመትከያው ቀን ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የቁፋሮው ቀን ነው። መረሬ አንዴ ከጠገበ በኋላ ቢቆፈር ጓል በጓል ሆኖ ስለሚደርቅ፣ ቁፋሮው የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ አፈሩ በመጠኑ ርሶ ሲለሰልስ መጠናቀቅ አለበት። መደቡን ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው፣ ብስባሽ ቀላቅለውበት፣ በዙሪያው ውሃ የሚወጣበት ቦይ ይክፈቱ። ውሃ የተኛበት ሥር አየር ስለሚያጣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የማዳበሪያ እጥረት መስሎት ዩሪያ ይጨምርበታል፣ መፍትሔው ግን ውሃውን ማስወጣት ነው።

መልስ (ከሱሉልታ)

ስለ መረሬው የተባለውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ በቲማቲሙ ግን አልስማማም። በመስከረም መጨረሻ የተተከለ የቲማቲም ችግኝ አበባ የሚያወጣው በህዳር ሲሆን፣ በህዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ሌሊት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይወርዳል። በዚህ ቅዝቃዜ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ቀዝቃዛ አየር በሚተኛበት ረባዳ ቦታ ከሆነ ደግሞ ውርጭ ተክሉን ራሱን ሊያቃጥለው ይችላል። በእኛ በደጋው ለቲማቲምና ለቃሪያ ከሁሉም የሚመቸው በጥር መጀመሪያ መደብ ላይ ዘርቶ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሞላው በየካቲት ማዛወር ነው። ያኔ አበባው የሚወጣው ሞቃት በሆኑት በመጋቢትና በሚያዝያ ይሆናል፤ የቲማቲሙም ዋና ምርት ክረምቱ ሳይገባ ይሰበሰባል።

ለቡ ከሱሉልታ ዝቅ ስለሚል ብርዱ እንደኛ ላይከፋ ይችላል። አቃቂ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ሲሆን የእንጦጦ ከፍታ ግን 3,000 ሜትር ይደርሳል፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ስላለ ለአንዱ ሰፈር የሠራው ወር ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ በህዳር ጠዋት ጠዋት የግቢዎን ሣር ይመልከቱ፤ አመዳይ ካዩበት የመስከረም ቲማቲምን አይሞክሩት።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቁፋሮውን በዚህ ሳምንት እጀምራለሁ። ነገር ግን የካቲት የውሃ ችግር የሚብስበት ወር ነው፤ ቲማቲሙን በምን ላጠጣው?

መልስ (ከሱሉልታ)

በብዛት አይትከሉ። ለአንድ ቤተሰብ ስድስት ወይም ስምንት የቲማቲም እግር፣ አራት የቃሪያ እግር ይበቃል፤ ቀሪውን መደብ በበጋ ባዶ ቢተዉት ምንም አይጎዳም። ከእያንዳንዱ ተክል ሥር ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ጎዝጉዘው አፈሩን ከሸፈኑት እርጥበቱ ቶሎ አይተንም፤ ለመረሬ ደግሞ መሰንጠቁንም ይቀንስለታል። ሰላጣና ድንች ያጠቡበትን ሳሙና ያልነካው ውሃ በባልዲ አጠራቅመው፣ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ቅጠሉን ሳያርሱ ከሥሩ ያፍስሱ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ ይልቅ በሦስት በአራት ቀን አንዴ በደንብ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። ከተቻለ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኘው የግንብ አጥር ሥር ይትከሉት፤ ግንቡ የያዘውን ሙቀት ሌሊት ለተክሉ ይሰጠዋል።